ሁለት ፊት ያወጣ መጽሐፍ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብጠራው «ይኼማ የእኛ ነው» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ በስተርጅና ነገር ፍለጋ አልወጣሁም። ከወንዝ ወዲህና ከወንዝ ወዲያ የሰፈረ፣ እህል የማይቸግረው፣ ሰዉም ሰላምታ የሚያበዛ አገር ነበር ማለቱ ይበቃል። ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ድልድይም ነበረው። ሰዉ ወዲህም ወዲያም ይጋባ፣ ወዲያም ወዲህም ይቀባበር ነበር።

በዚያ አገር መጽሐፍ ለብቻ አይነበብም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት እነሱ ለመጽሐፍም ያውሉት ነበርና፣ ከቤቱ ጥግ ቁጭ ብሎ ሲያነብ የተገኘ ሰው ከድስት ሥጋ እንደ ሰረቀ ይታማል። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እህል ከአውድማ እስኪገባ ይጠበቅና ሕዝቡ ከትልቁ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል። አንባቢው ከድንጋይ መደብ ላይ ቆሞ ያነባል። ፊት መርማሪ የሚባሉ ሹሞች ደግሞ በሕዝቡ መካከል እየተሽሎከሎኩ የሰውን ፊት ይመለከታሉ። የማን ግንባር ተኮሳተረ፣ የማን ከንፈር ተንቀጠቀጠ፣ የማን ጥርስ ተገለጠ፤ ይህን አይቶ ለአለቃ መንገር ነበር ሥራቸው። ካባ የሚሸለሙትም በዚሁ ነበር።

አለቃቸው አዛዥ አየነው ይባላሉ። ንባቡ ሲያልቅ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህ መጽሐፍ የለቅሶ ነው!» ወይም «ይህ መጽሐፍ የሳቅ ነው!» ብለው ያውጃሉ። ከዚያ ወዲያ ያ መጽሐፍ በተነበበ ቁጥር አገሬው እንደ አዋጁ ያለቅሳል ወይም ይስቃል። የንጉሡ አያት የጻፉት የምክር መጽሐፍ በልዩ ትእዛዝ የአድናቆት ተብሎ ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፍን ከፍቶ መስማት ግድ ነበር። ዝንብ ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ያን መጽሐፍ በብርድ ወራት ቢነበብለት ይመርጣል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ የትም ባይጻፍ ከተጻፈው ይበልጥ የሚከበር። ሰው ሲያለቅስ ወይም ሲስቅ አይቶ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ በዚያ አገር ነውር ነው። ፊቱን እንደ መጠራጠር ይቆጠራል። «ፊት ከተናገረ አፍ ምን ይጨምራል?» ይላሉ ሽማግሎቻቸው፣ ትልቅ ጥበብ የተናገሩ መስሏቸው። አክብሮት ነው ይሉት ነበር። እኔ ግን ስንፍና ነበር እላለሁ። ያገሩ ሰው ቢሰማኝ ይቀየመኛል፣ ይቀየመኝ።

የዚያን ጊዜው አንባቢ ጓንጉል ይባላል። የተመረጠው ለድምፁ ማማር ብቻ አልነበረም፣ ለፊቱ መድረቅም ጭምር ነው። የአንባቢ ፊት ሕዝቡን ወዲያና ወዲህ እንዳይጎትት እንደ ግድግዳ መሆን ነበረበት። ጓንጉል አባቱን በቀበረ በማግሥቱ የሳቅ መጽሐፍ አንብቦ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችበትም ተብሎ በአዛዥ አየነው እጅ ተሸልሟል። ጠዋት ወደ ዋርካው ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። አዲስ መጽሐፍ በሌለ ጊዜም የቆዩትን ለመንደርተኛው እያነበበ ይውላል።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች፤ ቀጭን ፈታይ ናት፣ ሳቋም ከሦስት ቤት ያልፋል። ምጥን የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ምጥን በስድስት ዓመቷ ታማ ሞተች። ጓንጉል ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ዕለት ለሚስቱ «ስሟን በዚህ ቤት አታንሺብኝ፤ አልችልም» አላት። አንጓችም «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ጎረቤት በግ ያወሩ ጀመር። ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ስም እንደ ተቆለፈ ጓዳ ነው። አንዱ እንዳይከፍተው ይጠነቀቃል፣ ሌላው በሩ አጠገብ ይመላለሳል።

ያ ሁለት ፊት ያወጣው መጽሐፍ የመጣው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። አንዲት መነኩሲት በዋሻዋ ሆና ጽፋው ስትሞት፣ ያስታመሟት ሰዎች ለቤተ መንግሥት አመጡት፤ ንጉሡም ሳያዩት «ይነበብ» አሉ። ሕዝቡ መንፈሳዊ መጽሐፍ መሆኑን ስለ ሰማ ገና ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ለለቅሶ አዘጋጅቶ መጣ።

መጽሐፉ ግን ገና ከመነሻው ሰዉን ግራ አጋባው። የሚያወራው ስለ አንድ ጥበበኛ ሕፃን ነው፤ ሕፃኑ ግን ሙት አያስነሣ፣ ዕውር አያበራ። እናቱ ደጃፍ አፈር እየቆፈረ ሲጫወት ሰዎች ከሩቅ እየመጡ ይጠይቁታል፣ እሱም የመሰለውን ይመልሳል። አንድ ባለጸጋ መጥቶ «ጸሎቴ ለምን አይሰማም?» ቢለው፣ «ትጮህ ይሆናላ! እኔም ስጮህ እናቴ ጭራሽ አትሰማኝም» አለው። አንድ ባሕታዊ መጥቶ «ዓለምን ትቼ ከመነንሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ምን ቀረኝ?» ቢለው፣ «ዓለምስ መሄድህን አውቃለች?» አለው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዳንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ከፊት የተቀመጡት ካህናት «ደግሞ ሕፃን ሽማግሌ ሊያስተምር ነው?» ብለው ተቆጡ። አንድ ነጋዴ ሕፃኑ የማን ልጅ እንደሆነና ለሱቅ ይሰጡት እንደሆነ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ። ከዋርካው ግንድ የተደገፉ አንድ አዛውንት ደግሞ ተኝተዋል። ፊት መርማሪዎቹ የቱን ይዘው የቱን እንደሚተዉ ጨንቋቸው ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ።

በመጨረሻው ምዕራፍ አንዲት አሮጊት ሰዎች በአልጋ ተሸክመዋቸው ሕፃኑ ዘንድ ይመጣሉ። ነፍሳቸው ልትወጣ ተቃርባለች። «ልጄ፣ ሞት ምንድን ነው?» ይሉታል። ሕፃኑ የእጁን አፈር አራግፎ ጥቂት ያስብና እንዲህ ይላቸዋል፦ «እማማ፣ እኔ አላውቀውም። እርስዎ ይቅደሙና ይዩት። የሚያስፈራ ከሆነ በመስኮት ይንገሩኝ፤ እኔ እቀራለሁ።»

ጓንጉል «እኔ እቀራለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ያ ግድግዳ የነበረ ፊት ተናደ። መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ በአገር ፊት አለቀሰ።

በዚያችው ቅጽበት ከሕዝቡ መካከል አንድ ሳቅ ፈነዳ። የይሉኝታ ሳቅ አይደለም፤ ሰው ሊይዘው ሞክሮ ያቃተው፣ ከሆድ የመጣ ሳቅ ነው። ጓንጉል ሳቁን ያውቀዋል። በእንባው ውስጥ ቀና ብሎ ቢያይ አንጓች ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች።

ለአንባቢው የቀረቡት አንባቢውን አይተው አለቀሱ። ለአንጓች የቀረቡት አንጓችን ሰምተው ሳቁ። ለቅሶውም ሳቁም እየሰፋ ሄዶ መሐል ላይ ተገናኘና ሕዝቡ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አዛዥ አየነው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ይህ መጽሐፍ...» አሉና ቆሙ። እንደገና ጠረጉ። ከዚያ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር በአባትም በአያትም ዘመን አልታየም።

ጓንጉል ወደ ቤቱ ሲሄድ ሚስቱን ቀድሞ ሄደ። አንጓች ተከትላው ገባች፤ ዓይኗ ገና አልደረቀም ነበር።

«ጓንጉል፣ እስቲ አንዴ ስማኝ» አለችው።

«ምንም አትንገሪኝ።»

«አንድ ነገር ብቻ...»

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ አንጓች። እኔ የማለቅሰውን ለቅሶ እያወቅሽ ሳቅሽብኝ። ሰማሁሽ። የሰማሁት ይበቃኛል።»

አንድ ጊዜ ብቻ «ለምን?» ቢላት ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኔም እናንተን አላደክምም። ግን ነውር ነው። ጓንጉል ደግሞ ጨዋ ሰው ነበር፤ ነውር አይሠራም።

አዛዥ አየነው ጉዳዩን ይዘው ሲመክሩ ሰነበቱ። በመጨረሻም አንድ መጽሐፍ ሁለት ፊት ሊኖረው እንደማይችል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የሰዉ እንደሆነ ተወሰነ። አዋጅ ወጣ። ያለቀሰ ሁሉ በአንገቱ ሰማያዊ ክር ይሰር፤ የሳቀ ሁሉ ቀይ ክር ይሰር፤ የማን ወገን ትክክል እንደሆነ እስኪታወቅ ሁለቱ በአንድ ማዕድ አይቅረቡ። ያልሳቁትና ያላለቀሱት ፀሐይ ላይ እንዲቆሙ ተደረገ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም አንዱን መረጡ። ተኝተው የነበሩት አዛውንት «ነቅተው ቢሆን ኖሮ የቱን ያደርጉ ነበር?» ተብለው ተመረመሩና «ሽንቴን እሸና ነበር» ብለው ስለ መለሱ ለጊዜው ታሰሩ። አንድ የዋህ ገበሬ «እኔስ ጌታዬ፣ ሁለቱንም አድርጌአለሁ» አለ። እሱን ፊቱ ወልቆ ይሆናል ብለው ወደ ወጌሻ ላኩት። ወጌሻውም የታዘዘውን አደረገ፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲህ አልሳቀም፣ አላለቀሰም፣ በደንብም አላላመጠም።

ክሩ መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ልጆች እየተቀያየሩ ይጫወቱበት ነበር። ኋላ ግን ሰማያዊዎቹ «በሕፃን አንደበት በተነገረ ሞት የሚስቅ አረመኔ ነው» አሉ። ቀዮቹም «ሕፃን በተናገረው ደስ የሚል ቃል የሚያለቅስ ሟርተኛ ነው» አሉ። ያልሰማ ጎረቤት ከሰማ ጎረቤት ተማረ። እሳት ይጫጫሩ የነበሩ ቤቶች አጥር አጠሩ። ሰማያዊው ከወንዝ ወዲህ፣ ቀዩ ከወንዝ ወዲያ እንዲሰፍር ሲታዘዝ ማንም አልደነቀውም። በቤቱ ሁለት ክር ያለበት ሰው ዋርካው ሥር ቀርቦ አንዱን እንዲመርጥ ተባለ።

የመጀመሪያው ቤት የጓንጉል ነበር። አገር ሊያየው ወጣ።

አዛዥ አየነው ሁለቱን ፊት ለፊት አቆሟቸው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከሁለቱ አንዱ «ፊቴ ተሳስቶ ነበር» ካለ የሌላውን ክር ያስርና ቤታቸው ይጸናል።

«አንቺ አንጓች፣ ስቀሻል?»

«አዎን ጌታዬ፣ ስቄአለሁ።»

«ፊትሽ ተሳስቶ ነበር?»

አንጓች ባሏን አየችው። «ሰማያዊውን ክር አስራለሁ፣ ጌታዬ። ጥቁርም ቢሆን አስራለሁ፤ ቤቴን አልፈታም። ፊቴ ግን አልተሳሳተም» አለች።

«እንዲህ ያለ መልስ የለም» አሉ አዛዡ። «ወይ ተሳስቷል፣ ወይ ቀይ ነሽ። አንተስ ጓንጉል? ፊትህ ተሳስቶ ነበር?»

ጓንጉል ሕዝቡን አየ። ሰማያዊ ክር ያሰሩት ከፊት ቆመዋል። የለቅሶ ወገን መጀመሪያ እሱ ነው፤ እሱ ፊቴ ተሳስቷል ቢል ያ ሁሉ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው። የአንባቢነት መደቡም እዚያው አጠገቡ አለ። ደግሞ በልቡ ያ ሳቅ አሁንም ይሰማዋል። ተናደደ። ተናዶ የተናገረው ነው፤ ግን ጮክ ብሎ ተናገረው።

«ፊቴ አልተሳሳተም» አለ። «የተሳሳትሁትስ በሚስት ነው። ይህች ሴት የልጇን ሞት አስታውሳ የሳቀች ሴት ናት!»

የሳቁት እንኳ መሬት መሬት አዩ። አንጓች አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም። ጥቂት ቆማ አየችውና እጇን ለቀዩ ክር ዘረጋች። ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ የዚያኑ ዕለት ድልድዩን ተሻገረች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ጓንጉልም ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ሊመልሰው ፈልጎ ነበር ይላሉ። መፈለግማ ሁሉም ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ እኔ አሳጥረዋለሁ። ጓንጉል የሰማያዊዎቹ ሊቀ አንባቢ ተባለ። በየሳምንቱ ያን መጽሐፍ ማንበብና «እኔ እቀራለሁ» ላይ ሲደርስ ማልቀስ ነበረበት። መጀመሪያ እንባው ራሱ ይመጣ ነበር። ኋላ ዘገየ። ከዚያ ጭራሽ ቀረና ሹሞቹ ሽንኩርት የተፈተገበት መሐረብ ሰጡት። ደግሞም ሰዉ በስሕተት እንዳይስቅ ተብሎ ባለጸጋውና ባሕታዊው ከንባቡ ወጡ። ከወንዝ ወዲያ ደግሞ ሰዉ በስሕተት እንዳያለቅስ ተብሎ አሮጊቷ ወጥተዋል ሲባል ተሰማ። እንዲህ ሆኖ ወዲህ ያሉት ግማሹን መጽሐፍ፣ ወዲያ ያሉት ግማሹን መጽሐፍ ይዘው በመጽሐፉ ስም ድንጋይ ይወራወሩ ነበር። የጓንጉል ቤት ባዶ ነበር። አሁን ስሟን የሚያነሣበት ሰው ስለሌለ አንዳንድ ጊዜ እሱ ራሱ «ምጥን» ይላል። ቤቱ ምንም አይመልስለትም።

ያ ሁሉ ጥል ያበቃው እንዴት መሰላችሁ? ሽማግሌ ገብቶ አይደለም፤ ሰዉም ተጸጽቶ አይደለም። አዲስ መጽሐፍ መጣ። ንጉሡ ራሳቸው ስለ ፈረሶቻቸው የዘር ሐረግ የጻፉት ነው። በሁለቱም ዳር በአንድ ቀን ተነበበ። የመጀመሪያው ፈረስ አባት ሳይጠቀስ ገና ወዲህ ያለው ሕዝብ አዛጋ፤ ወዲያ ያለውም አዛጋ። ፊት መርማሪዎቹ በደስታ ተቃቀፉ። አዛዥ አየነውም ድልድዩ መሐል ቆመው «ሕዝባችን ዳግመኛ አንድ ፊት ሆነ!» ብለው አወጁ። ክሮቹ ተሰብስበው ተቃጠሉ። በድንጋዩ የሞቱት ሞተዋል፤ ስለ እነሱ አዋጅ አልወጣም።

ድልድዩ በተከፈተ ዕለት ሰዉ እየተሯሯጠ ተሻገረ። ወንድም ወንድሙን፣ አማች አማቱን ፈለገ። ጓንጉል ሁለት ቀን አመነታ፤ በሦስተኛው ቀን ተሻገረ። አንጓች ከወንዙ ብዙ ሳትርቅ አንዲት ጎጆ ነበረቻት። ደጃፏ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው፤ ባሏን እንደ እንግዳ አንቱ አለችው። «ይቀመጡ።»

ጓንጉል ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችለት፣ እሷም በአፉ ለምዳ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው፤ በሦስተኛው ወጣችለት።

«ለምን ሳቅሽ?» አላት።

አንጓች እንዝርቷን አቆመች። እንዲህ ስትልም ጀመረች፦

«የታመመች ጊዜ፣ አዋቂው ያዘዘላትን መራራ መድኃኒት በጽዋ ይዤ 'ጠጪ' ብላት፣ ጽዋውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። 'እማዬ፣ አንቺ ቅደሚና ቅመሺው። ከመረረ እኔ እቀራለሁ' አለችኝ። ቀመስሁት። ፊቴ ሲጨማደድ አይታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስንስቅ ጽዋው ተደፋ፤ መደቡ ሁሉ መረረ። ያን ያህል ስቀን አናውቅም። ያን ዕለት ነው የምልህ... በሦስተኛው ቀን ሄደች።»

«አንተ» ማለቷን ራሷም አላወቀችም።

«መጽሐፉ 'እኔ እቀራለሁ' ሲል ሰማኋት፣ ጓንጉል። ድምፅዋን ሰማሁ። አንተ ነህ ያነበብኸው፤ አፍህ ውስጥ እሷ ነበረች። ሳቅሁ እንጂ ምን ላድርግ?»

ጓንጉል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ የት ነበርሁ?» አላት።

«ዋርካው ሥር። የሳቅ መጽሐፍ ይነበብ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሟን አታንሺ አልኸኝ። አላነሣሁም። መጽሐፉ የተነበበ ዕለት ማታ ልነግርህ ስል አትንገሪኝ አልኸኝ። ዋርካው ሥር ደግሞ አገር ሲሰማ እኔን የጠራህበትን ታውቃለህ።»

«ተናዶ የተናገረውን ሰው...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ነይ ወደ ቤትሽ፣ አንጓች። ክሩ ተቃጥሏል። አዋጁም ተሽሯል።»

«አዋጁንማ አዛዡ ሻሩት» አለች። «ያን ቃል ግን አዛዡ አልነበሩም የተናገሩት። የሚያለቅስ ባል አልጠላም። ደረቅ ፊት ያለውንም ባል ችዬ ኖሬአለሁ። በልጄ ሞት ሳቀች ያለኝ ሰው ቤት ግን ተኝቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። አልመጣም።»

ጓንጉል አልተከራከረም። ሊነሣ ሲል ግን አንድ ነገር ያዘው።

«ሌላስ?» አላት። «ሌላ ምን ትል ነበር?»

አንጓች አመነታች። ከዚያ ነገረችው። ምጥን ዶሮዋን ክርስትና አነሣኋት ብላ ስም አውጥታላት ነበር። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን «ዛሬስ ጠግባለች» ትል ነበር። ጎረቤት ሲጣላ ሰምታ «እነዚያ ሰዎች እንቅልፋቸው መጥቷል፤ ለምን አያስተኟቸውም?» ብላ ነበር። ጓንጉል ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ እንባው መጣ፣ መልሶ ሳቀ፤ ማንም ፊቱን አልመረመረውም። ከነዚህ ሁሉ አንዱንም ሰምቶት አያውቅም። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። በቀጣዩ ቅዳሜም መጣ። ቤቷ አታስገባውም፤ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ እየፈተለች አንድ አንድ ትነግረዋለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «በል ሂድ» ትለዋለች። መንደርተኛው «ታረቁ መሰለኝ» ይል ጀመር። እነሱ ግን አልታረቁም።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዱ መጥቶ ተቀመጠና «ሌላስ?» አላት።

«አለቀ» አለችው።

«እንዴት ያልቃል?»

«ስድስት ዓመት ነዋ የኖረችው፣ ጓንጉል። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ አታወራም ነበር።» ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ። አባቷ አይደለህ? እኔ ያልሰማሁትን አንድ ነገር ንገረኝ፤ አንድ ይበቃኛል።»

ጓንጉል አፉን ከፈተ። የአገሩን የለቅሶ መጽሐፍ በቃሉ ያውቃል፤ የሳቁንም ያውቃል፤ የፈረሶቹን የዘር ሐረግ እንኳ ሳይሳሳት ሊወጣው ይችላል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ልጅቷ ተኝታ ነበር፤ ማታ ሲገባም ተኝታ ነበር። ፈለገ፣ ፈለገ። አንጓች እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። ጠብቃ ጠብቃ፣ መልሳ አነሣችውና መፍተሏን ቀጠለች።